ሁለቱም ሙሽሮች ሴቶች ናቸው፤ የሠርጉን ቀን ፕሮግራም እንዴት ላውጣ?

የጠዋት ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ሴቶች ሠርግ ላይ የዕለቱን ፕሮግራም የማስተባብረው እኔ ነኝ። እንግዳው 90 ሰው ነው። ቃል ኪዳኑም ግብዣውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቃል ኪዳኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጀመራል። መድረኩ 4 ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ተኩል ጥልቀት አለው። ፎቶ አንሺ አንድ፣ ረዳት አንድ፣ ሜካፕ ሠሪ ለጊዜው አንድ።

እጄ የገባው የፕሮግራም ናሙና ሁሉ «ሙሽራው መድረክ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሙሽሪት በአባቷ ክንድ ትገባለች» የሚል ነው። ስሙን ብቻ ቀይሬ ልጠቀምበት ስል በየመስመሩ ያደናቅፈኛል። አንደኛ፣ ማን ቀድማ ትግባ? ሁለተኛ፣ የአንዷ ወገን 40 ዘመድ ይመጣል፤ የሌላዋ ግን 6 ብቻ ነው፤ ከስድስቱም ሁለቱ መምጣታቸውን ገና አልቆረጡም። ግራና ቀኝ ወገን ብዬ ካስቀመጥኩ ልዩነቱ ሊያፈጥ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ቬሎ ነው የሚለብሱት፣ አንዷ የሌላዋን እስከ ዕለቱ ላለማየትም ተስማምተዋል። አራተኛ፣ ፎቷቸው የትም እንዳይወጣ የሚፈልጉ 8 እንግዶች አሉ።

የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

አጋፋሪ፦

ጤዛ፣ ናሙናውን ተዪው። ከባዶ ወረቀት ብትጀምሪ ይፈጥንልሻል።

አገባቡ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ አብሮ መግባት ነው። ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የሚፈልገው መተላለፊያው 2 ሜትር እንዲሰፋ ብቻ ነው። ለሁለት ሱፍ ለባሾች 1 ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ሁለት ሰፋፊ ቬሎ ጎን ለጎን ሲሄድ ግን በዚያ ስፋት የወንበር እግር ጨርቁን ይይዘዋል።

ሁለተኛው አንዷ ቀድማ፣ ሌላዋ ተከትላ መግባት ነው። ችግሩ ራስሽ እንዳየሽው ነው፤ ቀድማ ገብታ ቆማ የምትጠብቀው በሰው ዓይን «ሙሽራው» ትሆናለች። ይሄን የሚያመጣው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ብቻ አይደለም፣ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ዲጄው ለመጀመሪያዋ ለስለስ ያለ ዜማ አድርጎ «ዋናውን» ለሁለተኛዋ ያቆያል፤ እንግዳው ለመጀመሪያዋ ተቀምጦ ለሁለተኛዋ ብድግ ይላል፤ አንዷ ብቻዋን ገብታ ሌላዋ በወላጅ ታጅባ ትመጣለች። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ዜማው አንድ ይሁን፣ በመሀል አይቀየር። አጃቢያቸው ቁጥሩ እኩል ይሁን። ሕዝቡ ከተነሳም ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ተነስቶ ሁለተኛዋ እስክትደርስ አይቀመጥ።

ሦስተኛው ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ መሀል ላይ መገናኘት ነው። ለእናንተ ሠርግ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፣ ግን በጣም የሚበላሸውም ይሄው ነው። የሚበላሽበት ምክንያት ሁለቱ መግቢያዎች ስለማይተያዩ ነው። አንዷ በሙዚቃው መጀመሪያ ትወጣለች፣ ሌላዋ ምልክት ስትጠብቅ 20 ሰከንድ ያልፋል፤ የመጀመሪያዋ መሀል ሜዳ ላይ ደርሳ ቆማ ትቀራለች። በሁለቱም በር አንድ አንድ አስተናጋጅ አቁሚ፣ ስልካቸው ከመውጫው 5 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ተደዋውሎ ክፍት ይሁን፤ «ውጡ» የሚለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በልምምዱ ላይ እርምጃውን በሰዓት ለኩ፦ 15 ሜትር በሠርግ እርምጃ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል። አንዷን ጉልበቷን የሚያማት እናት የምታጅባት ከሆነ 45 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ እንግዲያው የእሷ ወገን በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይውጣ። ዜማው ቢያንስ 1 ደቂቃ ተኩል ሳይቆረጥ የሚሄድ ይሁን።

አቀማመጥ ላይ «የእንትና ወገን» የሚባል ነገር ጭራሽ አይኑር። አጋፋሪዎቹ በር ላይ «የማን ወገን ነዎት?» ብለው እንዳይጠይቁ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልማድ ስለሆነ ሳያስቡት ያመልጣቸዋል። እንግዳው እንደመጣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ ይሙላ። የፊት ረድፍ ብቻ በስም ይያዝ፦ የሁለቱም የቅርብ ቤተሰብ ተቀላቅሎ። ቁጥር ጽፈሽ «ለቤተሰብ 10 ወንበር» ካልሽ 40 ዘመድ ያለው ወገን ቀድሞ ደርሶ ይሞላዋል፤ ስድስቱ ሲመጡ አራተኛ ረድፍ ላይ ያገኙታል።

ያልቆረጡት ሁለቱስ? ወንበራቸውን ፊት ረድፍ ላይ አትያዢ። ካልመጡ ባዶው ወንበር በየፎቶው ይገባል፣ ሙሽሪትም ቃል ስትገባ ዓይኗ እዚያው ነው የሚያርፈው። ሁለተኛ ረድፍ፣ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ ያዢላቸው። ከመጡ መድረኩ ሦስት እርምጃ ነው። እስከ 9፡50 ካልመጡ አጋፋሪው ሁለት ጓደኞችን ዝም ብሎ ያስቀምጥበት።

አሁን ሰዓቱ። የሁለት ሴቶች ሠርግ የሚዘገየው ጠዋት ሜካፕ ቤት ነው፤ ሰው ግን ናሙናውን አይቶ አንድ ሙሽሪት ብቻ ያሰላል። እያንዳንዷ ሙሽሪት ለፀጉርና ለሜካፕ 90 ደቂቃ፣ እናት 45፣ ሚዜ 40 ደቂቃ ብትፈጅ፣ ሁለት ሙሽሮች፣ ሁለት እናቶችና አራት ሚዜዎች 430 ደቂቃ፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለመጨረስ አንድ ባለሙያ ከማለዳው 12፡50 መጀመር አለባት፤ የመጀመሪያዋ ሙሽሪት ሜካፕ ደግሞ እስከ ቃል ኪዳኑ ረጅም ሰዓት ይቆይባታል። ሁለት ባለሙያ ካለ ከጠዋቱ 4፡25 ይጀመራል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ቅጠሩ። በሁለቱም ክፍል ሙሽሪት ከመጨረሻ ሁለተኛ ትሁን፤ የመጨረሻ ከሆነች የሁሉም ሰው መዘግየት እሷ ላይ ይከመራል።

ከዚያ በኋላ፦ 8፡00 ልብስ መልበስ፤ 8፡30 ሁለቱ ለብቻቸው መተያየት፤ 8፡50 የሁለቱ ፎቶ፤ 9፡25 ወደ ክፍል መመለስ፤ 9፡30 እንግዳ መግባት ይጀምራል፤ 10፡00 ቃል ኪዳን፤ 10፡30 ደስታ መግለጫና ቤተሰብ ፎቶ። ሠንጠረዡን ስትልኪ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፊበት። በእኛ 10 ሰዓት የሚባለው በዲጄው ስልክ 16፡00 ነው፤ ተርጉሞ ያነባል ብሎ ማመን አያዋጣም።

ክርና መርፌ፦

የልብሱን ነገር እኔ ልውሰደው። «ሁለቱም ነጭ ነው» የሚለው ነው ያስፈራኝ፤ ነጭ የሚባል አንድ ቀለም የለምና።

አንዷ ጥጥ የመሰለ ነጭ፣ ሌላዋ የወተት ነጭ ብትለብስ፣ ለየብቻቸው ሁለቱም ያምራሉ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የወተት ነጩ የቆየ፣ የቢጫ ልብስ ይመስላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ብዙ ነጭ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የሚያነጣ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ያ ኬሚካል የፀሐይን ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን መልሶ ይረጫል። ግቢ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ይብስበታል። ካሜራው ነጩን ሲያስተካክል ለአንዱ ነው የሚያስተካክለው፤ ለአንዷ ከተስተካከለ ሌላዋ ትከዳለች።

መፍትሔው አንዷ የሌላዋን ቬሎ ሳታይ ይሠራል። ከእያንዳንዱ ሰፊ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ጨርቅ ተቀበዪ። ሁለቱን ደርበሽ መጀመሪያ መስኮት ሥር፣ ቀጥሎ በአዳራሹ መብራት፣ ከዚያ በስልክ ፍላሽ አንሥተሽ እያቸው። ከተቀራረቡ ደህና። በጥቂቱ ከተለያዩ አንዱን ወይ ማመሳሰል ወይ አብዝቶ ማራቅ ነው፤ ለምሳሌ አንዱን ቁርጥ ያለ ሻምፓኝ ቀለም ማድረግ። ትንሽ ልዩነት ስህተት ይመስላል፣ ትልቅ ልዩነት ምርጫ ይመስላል። (ለሁለት ወንዶችም ያው ነው፦ ሁለት «ጥቁር» ሱፍ በፍላሽ ሲነሳ አንዱ ወደ ቡኒ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል።)

ሁለተኛው የጭራው፣ ማለትም ከቬሎው ኋላ የሚጎተተው ጨርቅ ነገር ነው። 4 ሜትር መድረክ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ሲቆሙ ጭራቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወደ ውጭ ይዘረጋል። በመሀላቸው 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ የእያንዳንዷ አካል ከነቀሚሱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጭራው አንድ ሜትር ተኩል ተኩል ከሆነ በድምሩ 4 ሜትር ከ40 ይመጣል። 40 ሳንቲ ሜትሩ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዞር ስትል ጨርቁ ይዟት ወደ ኋላ ይስባታል። ሁለቱንም ቬሎዎች እንድታይ የተፈቀደላት አንዲት ሌላ ሰው ትኑር፤ እሷ የሁለቱን ጭራ ለክታ ድምሩ ከ2 ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ታድርግ። ሁለቱም ካልተደራደሩ ሚዜዎቹ ጭራውን ወደ እንግዳው አቅጣጫ አጥፈው ያሰናዱት፤ ለፎቶም ያምራል።

ለጭፈራ ሰዓት ጭራው በሁለቱም ላይ ወደ ላይ የሚታጠፍበት መንጠቆና ቁልፍ ይኑረው። አንደኛዋ ላይ ብቻ ተሠርቶ ሁለተኛዋ ላይ ከተረሳ፣ የታጠፈላት ያልታጠፈላትን ጨርቅ መርገጧ አይቀርም። የፊት ጫፉ ደግሞ ጫማ ተደርጎ ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ማጠፉን የምትሠራዋ ሚዜ ቀድማ በቪዲዮ ትማረው። የትኛው ቁልፍ ከየትኛው መንጠቆ እንደሚገባ ባለማወቅ 20 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለየጥንዱ የተለያየ ቀለም ክር ብታስሩበት በ3 ደቂቃ ያልቃል።

እቅፍ አበባም ሁለት ነው። ቃል ሲገቡ የሁለቱም እጅ ባዶ መሆን ስላለበት አበባ ተቀባይ ሚዜ በሁለቱም ወገን መቆሟን አረጋግጪ።

ባለ ካሜራው፦

አጋፋሪ ያወጣው ሰዓት ጥሩ ነው፤ ግን አንድ የማልስማማበት አለ። ሙሽሮቹ ላለመተያየት የተስማሙት እስከ ቃል ኪዳኑ ድረስ ከሆነ 8፡30 ላይ ተያዩ ማለት ስምምነቱን ማፍረስ ነው፣ መጀመሪያ ይጠየቁ። የሚያሳስበው ምርጫቸው ሳይሆን የካሜራው ቁጥር ነው። ከሁለት አቅጣጫ እየመጡ መጀመሪያ የሚተያዩት መሀል ሜዳ ላይ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለት ፊት አለ፤ ሁለቱ ፊቶች ደግሞ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚያዩት። አንድ ካሜራ አንዱን ፊትና የሌላውን ጀርባ ነው የሚያገኘው። የተለመደው ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ሙሽራውን አንሥቶ ወደ ሙሽሪት ይዞራል፤ እዚህ የሚዞርበት ጊዜ የለም። ረዳቱ ራሱን የቻለ ካሜራና ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ (ከሩቅ የሚያቀርብ) ሌንስ ይዞ በተቃራኒው ጫፍ ካልቆመ፣ ወይ ለብቻ ቀድሞ መተያየቱን ምረጡ ወይ አብራችሁ ግቡ።

ፎቶ አንሺውን ስትቀጥሪ በመጀመሪያው መልእክት ላይ «ሁለት ሴቶች ናቸው» ብለሽ ጻፊ። የማይሠራ ከሆነ ቀብድ ሳይቀበል ይወቅልሽ። ከዚያ ከዚህ በፊት የሠራው የሁለት ሴቶች ወይም የሁለት ወንዶች ሙሉ ሠርግ ካለው አሳይ በዪው፤ የተመረጡ 10 ፎቶዎች አይበቁም። ከሌለው ከሠርጉ በፊት የ40 ደቂቃ ሙከራ ይነሡ። ችግሩ ክፋት አይደለም፣ እጅ የለመደው ነገር ነው፦ ረጅሟን ከኋላ አቁሞ አጭሯን አቅፊያት ይላል፤ አንዷ ቁጭ፣ አንዷ ቆማ ያደርጋል፤ በየፎቶው አንዷ «የምትደገፍ» አንዷ «የምትደግፍ» ትሆናለች። በሙከራው ላይ ይታይና ይታረማል። ቁመታቸው ከተለያየ ደረጃ ላይ ማቆም ወይም ጎን ለጎን ማራመድ ይሻላል። የሚነሡትን ፎቶዎች ዝርዝር ደግሞ በ«ሙሽሪት» እና በ«ሙሽራ» ሳይሆን በስማቸው ጻፉት። ሲለብሱ የሚነሳው ላይም ለሁለቱም እኩል ሰዓት ይያዝ፤ ሁለቱ ክፍሎች እንዲራራቁ ብትፈልጉም በእግር ከ3 ደቂቃ አይብለጥ።

የቤተሰብ ፎቶ፦ ዝርዝር ካለ በአንድ ስብስብ 3 ደቂቃ፣ ከሌለ እጥፍ። 12 ስብስብ 36 ደቂቃ ነው። ከሁለቱም ወገን ዘመዶቹን በፊት የሚያውቅ አንድ አንድ ስም ጠሪ ይኑር። ትልቁን ስብስብ አስቀድሙ፣ ሽማግሌዎቹን ልቀቋቸው።

አሁን 8ቱ እንግዶች። «ፎቶ ባታነሡ» ብሎ ማስታወቅ ብቻውን አይሠራም። አንዳንዱ እንግዳ የሚመጣው ይሄ ነገር ከሚያሳስርበት አገር ነው፤ ፎቶው አንዴ ከወጣ አይመለስም። እንዲህ አድርጊ፦

ለእነሱ ብቻ ምልክት አትስጪ፤ ምልክቱ ራሱ ይጠቁማቸዋል። ለ90ውም በወንበር ቁጥር ካርዳቸው ጀርባ ላይ ክብ ተለጣፊ አድርጊ፤ የእነሱ ቀለም የተለየ ይሁን፣ ትርጉሙን የሚያውቁት እነሱ፣ ፎቶ አንሺውና ረዳቱ ብቻ ይሁኑ። ፎቶ አንሺው በዕለቱ ጠዋት ሳይሆን በእንግዳ መግቢያ ሰዓት ፊታቸውን በአካል ይይ።

አቀማመጣቸው ደግሞ ዋናው ነው። ብዙ ሰው ከኋላ ወስዶ ያስቀምጣቸዋል። ከኋላ የሚነሳው ፎቶ ጀርባ ነው የሚያሳየው፣ እሱ ችግር የለውም፤ አደጋው የእንግዳውን ስሜት ለማንሣት ከመድረኩ ጎን ወደ ሕዝቡ የሚዞረው ካሜራ ነው። ያ ካሜራ በየትኛው ጎን እንደሚቆም ቀድመሽ ወስኚ፣ ስምንቱ በዚያው ጎን፣ ከካሜራው ጀርባ ባለው ጠርዝ ይቀመጡ። ሁሉም ሰው የሚነሣበት ከመሰላል ላይ የሚወሰድ ፎቶ ካለ መድረክ መሪው 5 ደቂቃ ቀድሞ ይናገር፤ መውጣት የሚፈልግ በዝምታ ይወጣል።

በቃል ኪዳኑ ሰዓት የሁሉም ስልክ ይዘጋ፤ ይሄን መድረክ መሪው ብቻ ሳይሆን ራሳቸው ሙሽሮቹ የቀዱት የ15 ሰከንድ ድምፅ ቢናገር ይከበራል። ሃሽታግ አይኑር። የጥሪ ካርዱ ላይ «ቦታውን አትጠቁሙ» ይባል፤ ስልኩ ፎቶው ውስጥ ቦታውን ስለሚጽፍ የካሜራው የቦታ መመዝገቢያ ይጥፋ። ውሉ ላይ ፎቶ አንሺው ለማስታወቂያ መጠቀም የሚችለው በጽሑፍ ሲፈቀድለት ብቻ እንደሆነ ይስፈር። እና አንድ ሁሌ የሚረሳ አለ፦ ሜካፕ ሠሪዋ፣ አበባ አቅራቢው፣ ዲጄው። ፎቶ አንሺው ተጠንቅቆ ሜካፕ ሠሪዋ ከ10 ሰዓት በፊት ለጥፋው ትገኛለች። የሁሉም ውል ላይ ያው አንቀጽ ይግባ።

የጠዋት ጤዛ፦

እጃችሁ ይባረክ፣ ሁለተኛ ሜካፕ ሠሪ ዛሬ አገኘሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መድረክ መሪው ጎበዝ ነው ግን አፉ ላይ «ሙሽራውና ሙሽሪት» ተለጥፏል። የአንዷ እናት ደግሞ መናገር ይፈልጋሉ፤ የልጃቸውን ባለቤት ምን ብለው እንደሚጠሩ ጨንቋቸዋል።

ማይኩን ስጡኝ፦

አማርኛ እዚህ ላይ እኩሌታውን ይረዳሻል፣ እኩሌታውን ያሳጣሻል።

የሚረዳሽ፦ «ሙሽሮች» ለሁሉም ይሆናል። «ባለቤቴ»ም ለወንድም ለሴትም ነው፤ ጾታ የለበትም። «ተጋቢዎች»፣ «ጥንዶቹ» እንደዚያው። መድረክ መሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ሙሽሮቻችን» ይበል፣ ለየብቻ ሲሆን ስማቸውን ይጥራ። «ሙሽሪት አንድ፣ ሙሽሪት ሁለት» የሚል ጨዋታ አንዴ ያስቃል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

የሚያሳጣሽ ግሱ ነው። በእኛ ቋንቋ ጾታው ግሱ ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ስም ብቻ ቀይሮ ማለፍ አይቻልም። የተለመደው የቃል ኪዳን ጽሑፍ ለወንዱ «ትቀበላታለህ?»፣ ለሴቷ «ትቀበዪዋለሽ?» ነው። ለሁለት ሴቶች ሁለቱም ጊዜ «ትቀበያታለሽ?» ነው፤ ለሁለት ወንዶች ሁለቱም ጊዜ «ትቀበለዋለህ?»። ጽሑፉን በኮምፒውተር «ፈልገሽ ተኪ» ብለሽ ብታልፊው አንድ ቦታ «ትቀበዪዋለሽ» ይቀርና አስፈጻሚው (ቃል ኪዳኑን የሚያስገባው ሰው) 90 ሰው ፊት ያነበዋል። ከዚያ ይታረማል፣ ይሳቃል፣ ግን ያቺ ደቂቃ ሄደች። ስለዚህ ጽሑፉ በትልቅ ፊደል፣ ባለ 16 መጠን ይታተም፣ አስፈጻሚው ሙሽሮቹ በሌሉበት ሁለቴ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ የግሶቹን መጨረሻ ብቻ ያዳምጥ። «ባልና ሚስት መሆናችሁን አውጃለሁ» የሚለውም «መጋባታችሁን አውጃለሁ» ይሁን፤ አጭርም ነው፣ ሙሉም ነው።

እናትየው፦ «ምራቴ» ይበሉ ወይ «ልጄ» ይበሉ፣ ምርጫው የእሳቸውና የልጅቷ ነው። አንቺ ማድረግ ያለብሽ ከቀኑ በፊት ልጅቷን «ምን ብለው ቢጠሩሽ ደስ ይልሻል?» ብሎ መጠየቅና ለእናትየው ማድረስ ነው። የሚያስጨንቀው ቃሉ ሳይሆን ማይክ ይዘው መምረጣቸው ነው። ንግግራቸውን በወረቀት ይያዙ፣ 3 ደቂቃ ይበቃል። በጠቅላላው ከ4 ተናጋሪ አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል። ስድስት ሰው ከመጣው ወገን የሚናገር ዘመድ ከሌለ ጓደኛ ይናገር፤ «ከዚህ ወገን የሚናገር አለ?» ብሎ ክፍት ጥያቄ መጣል ግን ነውር ነው፣ ዝምታው ያማል። ማይኩም ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ በቀጥታ አይተላለፍ፣ ሁሌ በመድረክ መሪው እጅ ይለፍ።

መምጣት እየፈለገ መድረክ ላይ መታየት የሚከብደው ወላጅ ካለ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ ስጪው። ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት መያዝ፣ ምስክር ሆኖ መፈረም። ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ።

የመጀመሪያ ጭፈራ ላይ ማን ይምራ የሚለው ከተነሳ፦ ዜማው 2 ደቂቃ ከ30 ይቆረጥ፣ መሀል ላይ መሪዋ ትቀየር። ከወላጅ ጋር የሚጨፈረው ደግሞ ለሁለቱም በአንድ ዜማ፣ በአንድ ጊዜ ይሁን። ለየብቻ ከሆነ አንዷ ጋ የሚጨፍር ወላጅ ባይኖር ጎልቶ ይታያል።

ገመድ አልባ፦

በአጭሩ ስለ ድምፅ። ቬሎ ላይ የሚሰካ ማይክ አትሞክሩ። ትከሻ የሌለው ቬሎ መሰኪያም፣ የማሰራጫውን ሳጥን ማስቀመጫም የለውም፤ ሐር ደግሞ በተነቃነቁ ቁጥር ይንሿሿል። አንዱን ማይክ አስፈጻሚው ላይ ስኩ፣ ለቃሉ ደግሞ የእጅ ማይክ አስፈጻሚው ከአገጫቸው 15 ሳንቲ ሜትር አርቆ ይያዝላቸው። ሁለት ሱፍ ለባሾች ቢሆኑ ኮሌታ ላይ ይሰካል፤ ፊት ለፊት ስለሚቆሙ ግን ሁለቱም ማይክ አንድ ላይ ከተከፈተ የአንዱ ድምፅ በሁለቱም ይገባል፣ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ልዩነት። ውጤቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ሰው ነው። የሚናገረው ብቻ ይከፈት።

በቀጥታ ለሚያዩ ዘመዶች የምታስተላልፉ ከሆነ በስልክ ዳታ አትመኑ፤ 90 ስልክ አንድ የኔትወርክ ምሰሶ ላይ ሲንጠለጠል ሊቆረጥ ይችላል። በገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት ይሁን፣ ሊንኩም በይለፍ ቃል። ሙዚቃ የሚጫወትበት ስልክ አውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁንና በገመድ ይገናኝ፤ ካልሆነ መግቢያው ላይ ስልክ ይደወላል።

ማኅተም፦

ፊርማው አልተነሳም። በብዙ አገር ሥነ ሥርዓቱና ምዝገባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ምዝገባው የሚገዛው በዚያ አገር ሕግ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ኔዘርላንድስ ሚያዝያ 2001 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከጀመረችው ወዲህ ከ30 የሚበልጡ አገሮች ፈቅደዋል፤ ታይዋን በ2019፣ ታይላንድ በጥር 2025። ግን ዝርዝሩ ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ቢያንስ 29 ቀን ቀድሞ ማስታወቅ ግድ ነው፣ ሁለት ምስክርም ያስፈልጋል፣ በሲቪል ሥነ ሥርዓቱ ላይ ደግሞ ሃይማኖታዊ ይዘት ያለው ነገር አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሚነበበውና የሚዘመረው ቀድሞ ለመዝጋቢው ይታይ። በደቡብ አፍሪካ በ2006ቱ ሕግ መሠረት «ጋብቻ» ወይስ «የሲቪል ጥምረት» ይባል የሚለውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ታይዋን እስከ ጥር 2023 ድረስ አንዱ ወገን ጋብቻውን ከማይቀበል አገር ከመጣ አትመዘግብም ነበር።

ሠርጉን ውጭ አገር ለማድረግ ለምታስቡ፦ እዚያ የተፈረመው ወረቀት የምትኖሩበት አገር ይሠራል ወይ የሚለውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማይሠራ ከሆነ የውክልና፣ የሕክምና ውሳኔና የኑዛዜ ወረቀት ለብቻ ይዘጋጅ።

በዕለቱ ደግሞ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ፣ ምስክሮቹ መታወቂያ ይያዙ። መዝገቡ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ መድረኩ ላይ አይውጣ፤ 4 ሜትሩ ለቬሎዎቹም አልበቃም።

የጠዋት ጤዛ፦

የመጨረሻ፣ ቃል እገባለሁ። ቀለበቶቹ ቁርጥ አንድ ናቸው፣ መጠናቸውም በጣም ተቀራራቢ ነው። ተቀያይረው ቢወጡስ?

ክርና መርፌ፦

ይቀያየራሉ፤ በእርግጠኝነት። በአንድ ሳጥን አታስቀምጫቸው። ሁለት ትናንሽ ከረጢት ይዘጋጅ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ ክር ይታሰር። ቀለበት ያዧ ቀዩን በቀኝ ኪሷ፣ ሰማያዊውን በግራ ትያዝ፤ ኪሱም ከሚቆሙበት ጎን ጋር ይግጠም፣ በቀኝ የምትቆመዋ የምታጠልቀው ከቀኝ ኪስ ይውጣ። ልብ በዪ፣ በቀኝ የምትቆመዋ የምታጠልቀው የሌላዋን ቀለበት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የምታጠልቀው ስም ሳይሆን የሚጠለቅላት ስም ይሁን።

ሙቀት ካለ ጣት ያብጣል። ከመገጣጠሚያው ካላለፈ አይታገል፤ አጥላቂዋ እስከ መገጣጠሚያው አድርሳ ትልቀቅ፣ ባለ ጣቷ ራሷ አዙራ ታስገባዋለች።